የዓሣው ጉንጭ

ማዛትላን። ማታ። ነጭ ጨርቅ፣ የብር ሹካ፣
ብርጭቆ ከብርጭቆ ቀስ ብሎ ሲነካካ፣
ሰባት ቁጥር ላይ ያለው ሳህኑን መለሰው፤
«ዓሣው አፈጠጠብኝ» አለኝ ደልቃቃው ሰው።

ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ሌላ አዘዝኩለት፣
ራስ የሌለው፣ ዓይን የሌለው፣ አጥንት የሌለበት።
ቀዩ ዓሣ በሎሚ፣ በቃሪያ እንዳጌጠ
ጓዳ ገብቶ ደግሞ አባቴ ላይ አፈጠጠ።

ኤቫሪስቶ ዛሬም ሣጥን ደፍቶ ይቀመጣል፤
«ለስላሳ ወንበር ላይ ወገቤ ይቆጣል።»

ልጆች ሳለን፣ ስድስት ሆነን አንድ ዓሣ ስንከብ፣
ሥጋውን ለእኛ ትቶ ጭንቅላቱን ሲስብ
«ለእኔ ይኼ ይበቃኛል» ይል ነበር ሁልጊዜ።
ስንት እንግዳ አስለቅሻለሁ በዚህችው ትካዜ፣
«ሳይበላ አሳደገን» እያልኩ።

ዛሬ ጣቱን ከዓይኑ ሥር ሰዶ፣ ጉንጯን ፈልቅቆ፣
በሎሚው ነከራት፤ አፌ ከተታት ስቆ።

ቀለጠች።
የሳንቲም ታህላለች። የባሕሩ ቅቤ።
ከሥጋው ሁሉ የጣመች!
ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሸሸጋት አባቴ!

«አንተ ሌባ!» አልኩት።
መልስ አልሰጠኝም፤ ዓሣውን ገልብጦ
ሁለተኛውን ጉንጭ በላ፣ እኔው ላይ አፍጥጦ።