ስሙኒ የሚያድርበት

አሥራ ሁለት ፒንቦል፣ አንድ የዛገ ቫን፣
ይኸው የኡርሆ ሀብት፣ ካልቆጠርን ዓይኑን።
ዓይኑ ግን ዓይን ነው። ደጃፍ ላይ ይቆማል፣
ሲጋራው እስኪያልቅ የሰው እግር ያያል፤
«ስንት ገባ» አይልም፤ «ስንት ቆመ» ይላል።

«ስማኝ የእህቴ ልጅ፣ ግርግር አይሸውድህ፤
ሰው ሞላ ብለህ ማሽን አታውርድ ቸኩለህ።
የሚሄድ ሰው ኪሱ እንደ ቡጢ ዝግ ነው፤
ጣቱን አንድ ባንድ ቀስ አድርጎ የሚፈታው
መጠበቅ ነው፣ ልጄ፤ መጠበቅ ነው ገበያው።»

ከሐይቁ ሲነፍስ አጥንት የሚበላ ብርድ፣
የብረት አፈር የጫነ ባቡር ሲንገዳገድ፣
በሱፒሪየር ወደብ፣ በበረዶው መንገድ
እኔ ነኝ ማሽኑን የምጭን፣ የማወርድ።

የማርሊስ ቡና ቤት አርብ ጢም ይላል፤
ሰው በሰው ተደግፎ ይጨፍራል፣ ይጠጣል።
«እዚህ ነው!» ብዬ እኔው በሩ አጠገብ ተከልኩ፤
በሳምንቱ ሳጥኑን ከፍቼ ቆጠርኩ፦
ዐሥራ አንድ ስሙኒ፣ አንድ የኮት ቁልፍ።
በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ሲገርፍ
ማን ቆሞ ይጫወት?
ኡርሆ አልተናገረም፤ ቁልፏን ኪሱ ከቶ
ማሽኑን በሆዱ ገፍቶ፣ በእጁ ጎትቶ
ሽንት ቤቱ ጋ ወሰደው፣ ወረፋ ካለበት፤
ጨዋታ ያማረው ቢራ የሚያሳርፍበት
አንዲት መደርደሪያ ግድግዳው ላይ መታበት።
ሰባ ስምንት ስሙኒ በሳምንቱ አፈስነው፤
መሬቱ የማርሊስ፣ በሬው የእኛ ነው፤
እንደ እኩል አራሽ ለሁለት ገመስነው።

አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ሁሉ ሰው ጠባቂ፤
ለካ ሌባም ጠባቂ፣ ሳጥን ፈልቃቂ።

ልብስ ማጠቢያ ቤት ሲለኝ ግን ሳቄ አመለጠኝ።
ሰዓቱን አውጥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝ፤
«ሠላሳ ስምንት ደቂቃ» አለ «ለአንድ ዙር ልብስ፤
ሰው የት ይሄዳል፣ ካልሲው እስኪደርቅ ድረስ?
ደግሞ ያችን እያት፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን፣
ዶላር ውጣ ስሙኒ የምትተፋውን!»
ቬርና፣ የሌሊት ነርስ፣ አንሶላዋን ነክራ፣
ነጭ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ማሽኑን በዳሌ ገፍትራ
የብረቷን ብይ ታበራለች፣ ደወል እያስጮኸች በተራ፤
ልብሷ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀዝቅዞም አላነሳችው።

በዚያው ክረምት የመርከብ ጥገናው በሩን ዘጋ።
ከሥራ አጦቹ ቢሮ ማዶ፣ ዱጋን ቡና ቤት ጋ፣
ተራ ቁጥር የያዘ ሰው ከጠዋት ሲሰለፍ
አንድ ማሽን አቆምን፤ ሳጥኑ ሞልቶ ሲተርፍ፣
ስሙኒው ሽቦው መሀል እንደ ቅጠል ሲረግፍ
እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ኡርሆ ግን የሚያየው
ክላረንስ ቡሻርን ነው፣ በያጅ የነበረው፤
የማኅበሩን ጃኬት እስከ አንገቱ ቆልፎ፣
የተቃጠለ አውራ ጣቱን ማሽኑ ጎን አሳርፎ
ይጫወታል። ቁጥሩ አልፎት ይሆናል፤
ወደ ቢሮው ዞር ብሎ አላየም።

ሌሊት፣ ዱጋን ሲዘጋ፣ ኡርሆ መስታወቱን ገፈፈ፤
ብሎን ፈትቶ፣ አንዲት ሽቦ ነቅሎ ሌላ ጉድጓድ ላይ አሳለፈ።
ለሰማንያ ሺህ ነጥብ የሚሰጠው ነፃ ጨዋታ
ለሃምሳ ሺህ ሆነ በዚያች ማታ።
«ኪሳራ ነው» አልኩት። ፊቱን ሳያዞር፦
«ያሸነፈ ይቆያል፤ የቆየ ቢራ ያዛል፤
ዱጋን ደስ ካለው ማን ያስወጣናል?
ንግድ ነው። ካቻቢቴውን አቀብለኝ።»

አመንኩት፤ አላመንኩትም።
በሳምንቱ ሳጥኑ ግማሽ ሆኖ ተገኘ።
ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በእርሳስ
ቁጥሩን ጻፈ፤ አጠገቡ «ጥሩ ቦታ» ብሎ ጨመረ።
ከዚያ ቫኑ ውስጥ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን፤
ከመስኮቱ ማዶ፣ ከበረዶው ማዶ
ያቺ ትንሽ መዶሻ የማሽኑን እንጨት ስትመታ፦
ጧ! አንድ ነፃ።
ትንሽ ቆይቶ፣ ጧ!
ሞተሩ ሞቋል።
ኡርሆ መሪውን እንደያዘ አልነዳም።