የጎንዮሽ

ከቸርችል ጎዳና ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቴ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚያይ፣
ባዶ ሳጥን ስሠራ ዋልኩ።

የመድኃኒት ስም ያልተጻፈበት፣ የታማሚ ስም የሌለው፣
ያወቀ ገብቶ የሚሞላው፣
ከእሱ የተሻለ ያወቀ ገብቶ የሚያርመው፣
አንድ ቅርጽ፣ ለሺህ ክኒን።
በሥራ ቋንቋችን «አብነት» ነው የምንለው።

ፋርማሲስቷ ምንትዋብ ሳቀች፤
«እኛ ቤት አብነት ማለት መድኃኒቱ ራሱ ነው፣
ያውም ቅጠሉ እንዳይታወቅ
ከአባት ለበኩር ልጅ በጆሮ የሚነገረው።
አንተ ግን ላገር ለምድሩ ልትዘረግፈው!»
እኔን ትዝ ያለኝ ታክሲው ነው፣
«አብነት! አብነት! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
ሁልጊዜ ሞልቶ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚጎድለው።

ጀመርን።
ስሙ ከላይ፣ በደማቁ።
ከሥሩ መጠኑ። ከዚያ መሥራት የሚጀምርበት፣
ጫፍ የሚደርስበት፣ ከደም የሚወጣበት ሰዓት።
«በማን ሰዓት?» አለች፤
«በፈረንጅ ስምንት ያልከው በእኛ ሁለት ነው፤
በጥቁር አንበሳ የማታ መስኮት ሰባት ዓመት ቆሜ
የጠዋቱን ክኒን ከምሳ በኋላ የዋጠ ስንቱን አየሁ።»
ቁጥሩን አነሳሁ። ፀሐይ ሣልኩ፣ ጨረቃ ሣልኩ።
ጨረቃዋ የተገመጠ ዳቦ መሰለች፤ ደግሜ ሣልኩ።

እስከዚህ ሰላም ነበርን።
ጠቡ የመጣው በጎንዮሽ ጉዳት።
«ስሙ ራሱ ጎን እያለ ጎን ይቀመጥ እንጂ» አልኩ፣
በቀጭን ዓምድ፣ በግራጫ ፊደል፣ አንባቢ እንዳይደነግጥ።
ምንትዋብ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤
«አንዱን ጎኑን የሚወጋው ሰው አስታመህ ታውቃለህ?
ላንተ ዳር ነው ያ ጎን፤
ለእሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ
መሀሉ ነው፤ ሌላ መሀል የለውም።»
አልመለስኩላትም። ግራጫውንም አልቀየርኩም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ጋሽ ወርዶፋን ጠራናቸው፣
የሕንጻውን ዘበኛ፣
የግፊት ክኒን ከጀመሩ ሦስት ዓመት ያለፋቸው፣
የመነጽራቸው አንድ እግር በፕላስተር የታሰረ።
ራቅ አሉ፣ ቀረብ አሉ፣
እንደ ዳማ ተጫዋች ሳጥን ሳጥኑን በጣት እየዘለሉ
«የእኔ የቱ ጋ ነው?» አሉ።
«ደረቅ ሳል፣ ይኸው፣ በጎን።»
«ሳሉንስ አገኘሁት። ሳሉ ደግ ነው፤
ሌሊት በር ላይ ኡሁ ስል
ሌባው እንዳልተኛሁ ያውቃል።
ወሩ ሊያልቅ ሲል ግን
አንዷን ክኒን በምላጭ ለሁለት የምከፍላትስ?
እሷ የቱ ጋ ትጻፋለች?»

ምንትዋብ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ሳጥኖቼ።
መጠን አለ። ሐኪም ያዘዘው።
ኪስ ያዘዘው የለም።

ጋሽ ወርዶፋ ኮፍያቸውን ደፍተው ወደ በራቸው ወረዱ፤
ደረጃው ላይ ሳላቸው ተሰማን፣
አንዴ፣ ቆይቶ ሁለቴ።

ግራጫውን ጥቁር አደረግሁ።
ዓምዱን ከዳር ነቅዬ መሀል ከተትኩት፣
መድኃኒቱ በተራው ትንሽ ወደ ጎን ተገፋ።
ከሥር አንድ ረድፍ ጨመርኩ።
«ሌላ» ብዬ ጻፍኩ፤ እኔው አጠፋሁት።
«ልዩ ሁኔታ» ብዬ ጻፍኩ፤ ምንትዋብ አጠፋችው፤
«ምን ልዩነት አለው? የወር መጨረሻ ነው።»
ረድፉን ያለ ስም ተውነው፣
የሚያውቀው መጥቶ ይሰይመው።

ስወርድ መንገዱ መብራት በመብራት ሆኗል፣
ረዳቱ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ ይጣራል፣
«አብነት! አብነት! አንድ ሰው!»
ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ።
«ጠጋ፣ ጠጋ በሉለት!»
ለሦስት በተሠራው ወንበር አራተኛ ሆኜ፣
በአንድ ጎኔ ተቀምጬ፣ ግማሼ አየር ላይ፣
እስከ አብነት።