የጎሚኒ ምርጫ

የሊየፓያ ነፋስ፣ ከባሕር ሲመለስ፣
ሰው አይነካም፤ ያድራል ብረት ሲቀማምስ።
ሠላሳ ሦስት ዓመት የላሳትን ጎልፌን
ትናንት ከሥሯ ገብቼ አየሁላት ጉዷን።
ዝገቱ አይገርመኝም፤ ለምዶታል ዐይኔ፤
ከፊት ብራቾው ጋ ነው የደነገጥኩት እኔ፤
ጎሚኒው ተሰንጥቋል፣ ብርድ እንደመታው ከንፈር፣
ጣቴን ብሰድበት ይረግፋል እንደ አፈር።

ሃያ ስምንት ዓመት ትራም ነው የነዳሁ፤
ሐዲዱ ሲመራኝ እኔ ደወል መታሁ።
መምረጥ የሚባል ጣጣ የመጣብኝ በጡረታ ነው።

ጊርትስ፣ ባለ ሱቁ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
ሦስት ካርቶን አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረና፣
የመጀመሪያው ርካሽ፣ ስም እንኳን የሌለው
(አሸተትኩት፣ ተውኩት፤ ሽታው ነጭ ጋዝ ነው)።
«ቀዩን ውሰድ፣ ቪልኒስ! ፖሊዩሬታን ነው፣
የእሽቅድምድም ልጆች ሌላ መች ያውቃሉ?
ጨው አይበላው፣ ዘይት አይነካው፤ ጠንካራ፤
ካንተ በኋላ እንኳን ገና ነው ሚሠራ።»

ካንተ በኋላ አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም።
በአውራ ጣቴ ጥፍር ቀዩን ተጫንኩት፤
ምንም አላለኝ።
ጥቁሩን ተጫንኩት፤ ጎደጎደ፣ ታገሠ፣
እንደ አዛውንት ሰላምታ ቀስ ብሎ መለሰ።

እልኸኛ ጎሚኒ ጉድጓድን አይውጥም፣
ያቀብላል እንጂ አንዱንም አያስቀርም፤
ለብራቾው ብረት፣ ብረቱ ለወንበሩ፣
ወንበሩ ለአውስማ፣ ለወገቧ፣
በረዶ ላይ ወድቃ ለተረፋት ስብራት።
«ጥቁሩ ግን ያልቃል፤ አምስት ዓመት፣ ቢበዛ ሰባት።»
«ይለቅ» አልኩት፣ «ማለቅ ምን ነውር አለበት?»
ዋጋው እጥፍ ነበር። ከፈልኩ።
ደረሰኙን ለአውስማ አላሳየኋትም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የዛሬ ሦስት ዓመት
ይህንኑ ላስቲክ ገጥሜ ነበር፣ በትዕቢት፤
መኪናዋ በክሪክ ላይ፣ እግሯ እንደተንጠለጠለ፣
ቡሎኑን ቆለፍኩት፣ ጉልበቴ እስከቻለ።
ሳወርዳት ክብደት መጣ፤ ላስቲኩ ተጠመዘዘ፣
እንደ ታጠበ ጨርቅ ተጨምቆ ደነዘዘ፤
ቅጠል ሳይረግፍ ተቀደደ።
ፋብሪካውን ረገምኩ። ጨዉን ረገምኩ። መንገዱን፣ ከንቲባውን።
ሸክሙ ሳይመጣ ማሰሬን ግን
ማን ይንገረኝ? ራሴው ነበርኩ መካሪዬ።

ዛሬ አልቸኮልኩም። አዲሱን አስገባሁት፣
ቡሎኑን በእጄ ብቻ፣ ላላ አድርጌ ተውኩት፣
ከአራቱ ጎማዋ ሥር ወፍራም ጣውላ ነጠፈላት፣
ክሪኩን አወረድኩ፤ ቁጭ አለች፣ ተነፈሰች።
«አውስማ፣ ነይ ግቢ!» ጋዜጣዋን ይዛ መጣች።
«የት ልንሄድ ነው?»
«የትም። ተቀመጪ ብቻ።»
«ሥራዬስ?»
«ክብደት መሆን።»
«ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ነኝ፤ ለዚህ አልበቃም» አለችና ገባች።

ከሥር ተጋድሜ፣ ፊቴ ላይ ዝገት እየዘነበ፣
ዳዶውን አዞርኩት፤ በልክ በልክ ጠበበ።
ከሥር ቁልፉ ጠቅ ይላል፤ ከላይ ጋዜጣ ይገለጣል፤
ጠቅ፤ ሌላ ገጽ። ጠቅ፤ ሌላ ገጽ።
አሁን ጠበቀ፣ የሚሸከመውን አውቆ።

ቅዳሜ ወደ አትክልት ቦታችን ሄድን።
አውስማ ጭን ላይ በእርጎ ኩባያ የተተከሉ
አሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኞች አሉ።
በየፀደዩ ቀሚሷ አፈር ጠግቦ ነበር ሚደርሰው።
የትራሙን ሐዲድ ስንቀርብ ትንፋሼን ያዝኩ፤
እኔ ነኝ የማውቀው፣ ያ ብረት ስንት ወገብ እንደሰበረ።
አንደኛው ሐዲድ፤ ችግኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።
ሁለተኛው፤ እንደገና፣ እንደሚስማሙ ሰዎች።
ደስታዬ በዝቶ ፊቷን ላይ ስል
ኩርባውን አፍጥኜ ዞርኩት።
አንዱ ኩባያ ተደፋ።

«ይኼኛው ያንተ ነው» አለች፣ አፈሩን እያራገፈች፣
«መኪናዋን እንዳትወቅስ።»