መሪና መሪ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪ ሲያሠለጥን፣
የመኪናዋ መሪ የኔ ነበረ ግን።
ሃልቮር ለመንጃ ፈቃድ ሦስት ጊዜ ወድቆ፣
አራተኛውን ተወው፣ በራሱ ላይ ስቆ።
የበርገን ዝናብ ሲወርድ፣ ጀልባ እየጠበቅን፣
እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ስንቱን ዋሻ ዘለቅን!

የዓሣ ፋብሪካው አለቃ፣ የሆስፒታሉ ሹም፣
መልስ ፈልገው ሲመጡ፣ እሱ መልስ አይሰጥም፤
«ከዚያስ?» ይላል፣ ዝም ይላል። ዝምታው ይረዝማል፤
ሰውየው ከራሱ አፍ የራሱን ጉድ ይሰማል።
ቤት ሲገባ ግን እሱው፣ መነጽሩን ፈልጎ፣
ሲያጣው ይጠራኛል፣ ግንባሩ ላይ አድርጎ።

የቀብሩ ዕለት መጡ፤ «መሪ አደረገን» አሉ።
መነጽሩን ያነሳ የለም፣ ከተናገሩት ሁሉ።

ትናንት የሱን ቦርሳ ወንበሩ ላይ ባኖር፣
መኪናዋ ጮኸች፤
ሰው የተቀመጠ መስሏት ነበር።
ቀበቶ አሰርኩለት፤ ዝም አለች። ዋሻው ዋጠን።
«ከዚያስ?» አልኩ።
ማንም መልስ ሳይሰጠን
በወዲያ በኩል ወጣን፤

እዚያም ዝናብ ነው።