የመልሱ መንገድ

ሞጣ፣ በሰኔ ወር፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት፣
የቆርቆሮው ጣራ ዝናብ ሲጮህበት፤
ከመዝገቡ ክምር፣ ከመደርደሪያው ሥር፣
ቁምሳጥን የምታክል የእኔ ትንሽ አገር፦
አንድ ራውተር፣ አንድ ስዊች፣ የኬብል ጥልፍልፍ፣
አቧራ የለበሰ፣ ሌሊት የማያርፍ።

አድራሻ አለቀብኝ።
ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ነበር የተሰጠኝ።
ማን በላው ብዬ ብቆጥር፣
በግንቦት ለስብሰባ መጥቶ የሄደ
የእንግዳ ስልክ ሁሉ
ቁጥሩን እንደያዘ ቀርቷል፤
ጦም እንዳደረ ማሳ፣
ባለቤቱ መተማ፣ ደብተሩ እኛ ዘንድ።

ሰኞ ማለዳ ደግሞ
የወይዘሮ ትሁኔ ኮምፒውተርና ማተሚያው
በአንድ ቁጥር ተጠሩ።
አንዱን ስጠራው ሁለቱ «አቤት» አሉ፤
ከዚያ ሁለቱም ዝም።

አቶ አንማው ገቡ፣ ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ፦
«ከግቢው ማዶ አዲሱ ብሎክ
ስምንት ኮምፒውተር ታቅፎ ሦስት ሳምንት ተቀምጧል።
ቁጥር ምን ያስከፍላል? ጨምርበት እንጂ!»
ቁጥርም መሬት ነው፣ ጌታዬ፣ አልኩ፤
ሲያልቅ ያልቃል።
ማዶው ሌላ መንደር ይሁን።

መቶ ዘጠና ሁለት፣ መቶ ስልሳ ስምንት፣
ሦስተኛው ቤት አንድ ነው፤ ሁለት ጻፍኩበት።
ማስኩን እንደ ችካል ተከልኩ በወሰኑ፣
ወዲህ ነባሮቹ፣ ወዲያ አዲሶች ሆኑ፤
በመሃል አሮጌ ኮምፒውተር አቆምኩኝ፣
ሁለት ካርድ ሰክቼ «በር ጠባቂ ሁነኝ»፤
ኬብሉን በቧንቧ ከባሕር ዛፍ ሥር ቀበርኩ፣
ትሁኔንም ይዤ ከማዶ ተቀመጥኩ።

ፒንግ ላክሁ።
መልስ የለም።
ደግሜ ላክሁ።
መልስ የለም።
መብራቷ ትጠቅሳለች፤ መሄዱንስ ሄዷል፤
የቁራ መልእክተኛ ልኬ ነው መሰለኝ።
ኬብሉን ቀየርኩ። ስዊቹን ሰደብኩ።
ሁሉን አጥፍቼ አበራሁ፣ ሁላችን እንደምናደርገው።
ትሁኔ ከኋላዬ «አትም» የሚለውን
ይጫናሉ፣ ይጫናሉ፣ በንዴት።
ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ምሳዬ ቀረ።

ከመስኮቱ ውጭ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣
ባለጉዳይ ተጠልሏል።
ይርሳው የሚባል ጎልማሳ ነው፣
የአባቱን ማሳ ከታላቁ ጋር የተካፈለ፤
ለጎኑ ሰው ያወራል፦
«ድርሻዬስ ደህና ነው፣ ጥቁር አፈር ነው፣ አልጠላሁትም።
በወንድሜ ቦይ ዳር በሬዬን ነድቼ እገባለሁ፤
ምርቴን ጭኜ ግን በየት ልመለስ?
መግቢያዬ ተጽፏል፤ መመለሻዬን የጻፈው የለም።»

እጄ ቆመ።

በዝናቡ ሮጥኩ፣ ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶ ሊሰጠኝ ሲል፣
አሮጌው ራውተር ፊት ተንበረከክሁ።
እሱ ምን አጠፋ?
ስለ ማዶ መንደር የነገረው የለም።
የማያውቀው ቁጥር ሲጠይቀው
መልሱን ወደ ውጭ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ዓለሙ ይሰድደዋል፤
እዚያም የሚያውቀው የለ፤
መልሱ መንገድ ላይ ይቀራል።

አንዲት መስመር ብቻ ጽፌ ነገርኩት፦
«ማዶ ሲጠይቅህ፣ በዚህ በር ስደድለት።»

አጠገቤ ማተሚያው አቃሰተ፤
ወረቀት ሳበ፤
አንድ፣ ሁለት፣ አምስት...
አሥራ አንድ ቅጂ፣ ትሁኔ በተጫኑት ልክ፤
የአንድ ሰው መጥሪያ፦
ስለ መተላለፊያ መንገድ፣ ለጥቅምት አምስት፣
ታላቅ ወንድም ቀርቦ እንዲያስረዳ።

አሥሩን ጀርባቸው ለረቂቅ ይሆናል ብዬ አስቀመጥኩ።
አንዱን ይርሳው አራት አጥፎ ከባርኔጣው ሥር ከተተ፤
ጭቃዬን አየና፣
«የአንተስ ተገኘልህ?»
አንዲት መስመር ነበረች፣ አልኩት።
«የእኔም አንዲት መስመር ናት» አለ፣
«የአንድ በሬ ስፋት።»

ዝናቡ አላባራም።
በየት በኩል እንደተመለሰ አላየሁም።