ፍሬን በሜዳ አገር

ጭነት መኪና ነው አዝሎ ያመጣት፣
ልትሮጥ ተሠርታ መራመድ ያቃታት፤
ቀይ ናት፣ ጣልያን ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣
በሃምሳ ዓመት ውስጥ ዐሥር ሺህ ኪሎ ሜትር አልሄደች።

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪያል ዐሥራ ሦስት፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
የነሐሴ አየር እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ሲለጠፍ፣
ባለቤቷ ኻልፋን ነጭ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ
ዘይት እንዳይነካው ከበሩ ፈንጠር ብሎ ቆመ።
«ሞተሯን አስነሳልኝ፣ ድምጿን ልስማበት፤
ፍሬኑን ተወው ግን፣ የት ልሄድባት?
አገሩ ሜዳ ነው፣ ቁልቁለት የለበት።»

ጎማዋን ፈታሁት። ዲስኩ የሻይ ቀለም፣
ፒስተኑ ከቤቱ ንቅንቅ የሚል አይደለም፤
ጎሚኒው አብጦ፣ ቱቦው ከውስጥ በስብሶ፣
ማስተሩን ስከፍተው፣ ዘይቱ ጠላ መስሎ።

የፍሬን ዘይት ጠባዩ ነው፣ ውሃ ይጠማዋል፣
ክዳኑ ቢጠብቅም ካየር ላይ ይሰርቃል።
ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ቆሞ እየጠጣ፣
አንድ ቀን ሳይሠራ፣ አንድ ቀን ሳይወጣ፣
ዝገቱ ፒስተኑን እንደ ጥርስ ነከሰው፤
የሠራ አይደለም፣ የቆመ ነው የሚፈርሰው።

ጉል ዘማን፣ የፔሻዋሩ፣ በግሪስ ፓምፕ ገፋው።
ዝም። ደግሞ ዝም። ላቡ ከአገጩ ጠብ እያለ።
ጧ! ፒስተኑ ወጥቶ የቆርቆሮውን በር መታ፤
ውሻው ሸሸ፤ እኛ ሳቅን።

በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ቀን አሸሁ።
ጎሚኒው ከቶሪኖ በፖስታ መጣ፤
መዳፌ ላይ አራት ጥቁር ቀለበት፣
ዋጋቸው የሳምንት ደሞዜ።

ኻልፋን መጥቶ አየና «አሁንም ፍሬን?» አለኝ።
ባገሬ ቃል ልመልስለት አማረኝ፦

አበባው ቀልቶ፣ ሽታው እየተጓዘ፣
ያ ዛፍ ምን ይረባል ፍሬን ካልያዘ?

በዐረብኛ ሞከርኩት። ወርቁ መንገድ ላይ ቀረ፣
ዛፉ ብቻ ደረሰ። «የምን ዛፍ?» አለኝ።

ደንገጎን አልነገርኩትም።
ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ድሬዳዋ፣ አርብ ከሰዓት፣
የጫት ኢሱዙ ቆሞ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣
ስፑርጎ ስሠራ የኋላ ግራውን ዘለልኩት።
ጭኖ ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነ፤
አብዱረዛቅ ገደሉን ትቶ ተራራውን መረጠ።
ዛሬም ያነክሳል። ስደውልለት «አይዞህ» ይለኛል፤
ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌሊት ነው ስፑርጎ፤ ብረቱ ሲበርድ።
ጉል ዘማን መሪው ላይ፣ እኔ ከሥር በጀርባዬ፦
«ደባዎ!» ይረግጣል።
«ፓክሮ!» ይይዛል።
እፈታለሁ። አረፋ።
አጠብቃለሁ። «ደባዎ!»
አረፋ፣ ከዚያ ጠላ፣ ከዚያ ጠጅ፣ ከዚያ ጠራ።
አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል አየር
በቱቦው ስታልፍ ዓይኔን አልነቀልኩም።
የኋላ ግራውን ሦስቴ ደገምኩት።
«ባስ፣ ኡስታድ» አለኝ፣ እግሩ ዝሎ።
አራተኛ ደገምኩት።

ንጋት ላይ፣ አሸዋው መንገዱን ሳይሻገር፣
ኻልፋን ከጎኔ ተቀመጠ፣ በሩን ጨብጦ።
ስድሳ። ሰማንያ። መቶ።
እጄን ከመሪው አነሳሁ፤ ረገጥኩ።
ቀጥ።
ግራ አልሳበች፣ ቀኝ አልሳበች፤
ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መነጽሩ ብቻ ተንሸራተተ።

ብዙ ዝም አለና፦
«ወደ ኾርፋካን» አለ፣ «ተራራ አለ። ቁልቁለት አለው።
ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ፣ በዚህች…»
አልጨረሰውም። እኔም አልጠየቅሁ።

ይሂድባት አይሂድባት አላውቅም።
ምናልባት ነገ ትሸፈናለች፣
ዘይቱም ቀስ ብሎ ባሕሩን መጠጣት ይጀምራል።
ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ፣
ቀኑን በግዕዝ ቁጥር ጻፍኩበት።
ኻልፋን እንዲያነበው አይደለም፤
እኔ እንዳልዘለው።