የቤተሰብ ስም

ነሐሴ፤ ሻርጃ። ከምሽቱ አምስት ተኩል ሆኗል፤
መስኮቱ ከውጭ በኩል በወበቅ አልቦታል፤
ቤተ መጻሕፍቱ በሩን ከዘጋ ቆይቷል፣
ማኅደሩ ግን በኮምፒውተር እስከ እኩለ ሌሊት ይቀበላል።

ሁለት ጊዜ መልሶብኛል።
አንዴ፣ «ኅዳጉ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ጠቧል»፤
አንዴ፣ «ገጽ መቶ አርባ ላይ ያለው ሥዕል ደብዝዟል»።
ሂንድ ናት የምትጽፍልኝ፣ የክፍሉ ሠራተኛ፣
ከግርጌው «በርቺ» ማለት የማትረሳ፣ ደግ ዳኛ።

አራት ዓመት የለካሁት የባሕሩን ጨው ነው፤
ፋብሪካው ጣፋጩን ውሃ ለከተማው ሲሰጠው፣
ምሬቱን በቧንቧ መልሶ ለዓሣ የሚያጠጣው።

ሁሉን ሞላሁ። ርእስ። አማካሪ። ዓመተ ምሕረት።
ከዚያ ቀይ ኮከብ ያላት ሣጥን ተደነቀረች ፊት ለፊት፦
«የቤተሰብ ስም»።
          የለኝም።
አባቴ አራጋው፣ የአባቴ አባት ሙሄ፤
ስም በእኛ ዘንድ መሰላል ነው፣
ሰው ሁሉ በየእርከኑ ለብቻው የሚቆምበት።
ሣጥኗ ባዶዋን አታሳልፍም፤ ትቀላለች፤
«ሙሄ» ብዬ ጻፍኩ። ኮከቧ ጠፋች።

ሙሄ በሁለት በቅሎ አሞሌ ሲያመላልስ የኖረ፣
ጀርባው እንደ መጫኛ የከረረ፣
ለግብር ሲጠሩት የሚፈርም አውራ ጣቱን በቀለም እየነከረ።
ዘምዘም ያለኝም እሱ ነው፤
ለጨው ነጋዴ የልጅ ልጅ፣ የውሃ ስም።
ወልድያ ገበያ ላይ ወዳጅ ሲያገኝ፣ አሞሌውን ከጉያው አውጥቶ
«ላስ» ይለዋል፤
ያም ልሶ ይመልስለታል፣ መርቆ፣ ጢሙን ጠርጎ።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ «ሥራሽ ዛሬውኑ ይከፈት፣
ወይስ ይቆለፍ ለሁለት ዓመት?»
«ቆልፊው» ብለውኛል አማካሪዬ፣ «ፋብሪካው እንዳይከፋ፣
ሌላ ሰው ቀድሞ አሳትሞት ልፋትሽ እንዳይጠፋ።»
ጣቴ አየር ላይ ቆመ።
በወበቅ አገር የተቋጠረ ጨው
ይሟሟል እንጂ መች ከረመ?
ይላስ፣ አልኩ። «ይከፈት» የሚለውን ተጫንኩት።

ዘጠና ስምንት ከመቶ ላይ መስመሯ ቆማ አስጨነቀችኝ፤
ሰባት ደቂቃ ሲቀራት «ደርሶናል» አለችኝ።

በሳምንቱ ማውጫው ውስጥ ራሴን ፈለግሁ። በ«ዘ» የለሁም።
በ«መ» ገባሁ፦
          «ሙሄ፣ ዘ. አ.
          የዶክትሬት ጥናት፤
          ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ገጽ፤
          ለሁሉ ክፍት።»

ለሂንድ መጻፍ ጀመርኩ፦ «ስህተት አለ፤
ጸሐፊው አያቴ ሆኗል፣
ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው፣ ይታረም…»
አነበብኩት። ከመጨረሻው ፊደል ጀምሬ
አንድ በአንድ አጠፋሁት።

ከግርጌው ትንሽ ቁጥር አለች፦ ያወረዱት ሦስት ናቸው።
አንዷ እኔ ነኝ። አንዷ ሂንድ ሳትሆን አትቀርም።
ሦስተኛውን አላውቀውም፤
ልሷል።